ጎጀብ ማዶ የተባለው ደላላ

ጅማ መንደራ ቆጪ ያለችውን የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄን ያከራየኝ ኑሪ ነው። ያኔ በስልክ "ሁለት መስኮት አላት" አለኝ። ሄጄ ሳይ አንደኛው መስኮት ግድግዳው ላይ በቀለም የተሣለ ነበር፤ ከእኔ በፊት የነበረው ፀጉር አስተካካይ ለጌጥ አሥሎት የሄደ። የኑሪ ፊት ግን ፈጽሞ አልተለወጠም። "መስኮት አላት አልኩሽ እንጂ ይከፈታል አልኩሽ?" አለኝ። ተናደድኩ፤ ሳቄም መጣ፤ ተከራየሁ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ኑሪ ሙሐመድሳኒ የቤትና የሱቅ ደላላ ነው። ከቦሳ ኪቶ እስከ ጊንጆ ጉዱሩ የትኛው ቤት እንደተለቀቀ፣ የትኛዋ አከራይ ልጅ ያለው ተከራይ እንደማትወድ፣ የየትኛው ግቢ ውኃ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠይቁት፤ ያውቃል። ችግሩ አነጋገሩ ነው። እሱ "ከዋናው መንገድ ሁለት ደቂቃ" ካለ፣ ሁለት ደቂቃው የተለካው የባጃጁ ሹፌር ከሚስቱ ተጣልቶ በወጣበት ቀን ነው። "አከራይዋ እንደ እናት ናት" ካለ ደግሞ ሳታንኳኳ ትገባለች ማለት ነው። ክፋት የለበትም። ስለ አንድ ቤት ማውራት ሲጀምር ቤቱን ይወደዋል፤ የወደደውን ነገር ደግሞ ትንሽ ሳያሳድግ መተው አይሆንለትም። ሰፈሩም ለምዶታል፤ የኑሪን ወሬ ሲሰማ ግማሹን ለኑሪ ይመልስለታል።

አንዳንዴ ግን ሙሉውን እንመልስለታለን። አንድ ጊዜ "ውኃ ሊጠፋ ነው፣ ጀሪካናችሁን ሙሉ" እያለ በየበሩ ዞረ። ማንም አልሞላም። ውኃው አምስት ቀን ጠፋ። በስድስተኛው ቀን ከሱቄ አጠገብ ፀጉር ቤት ያላት ሔራን "ምነው ቀድሞ የሚነግረን ሰው እንኳ ጠፋ" ስትል ኑሪ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ያን ቀን ፊቱን አይቼ አዘንኩለት። ሐዘኔ የቆየው ግን እስከ ከሰዓት ድረስ ነው፤ ከሰዓት ሌላ ነገር ነገረኝና አላመንኩትም።

አሁን ስለ ወንበሩ ልንገራችሁ። ወንበሩን ያመጡብን አቶ ኃይለሚካኤል የሚባሉ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ዌልስ ሄደው ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። ዌልስ ከእንግሊዝ ጎን ያለች፣ የራሷ ቋንቋ ያላት፣ በዚያ ቋንቋዋም ቀልድ የማታውቅ ትንሽ አገር ናት። እዚያ በየዓመቱ አይስቴዝቮድ የሚሉት በዓል አለ፤ ሰዉ በግጥም፣ በዘፈን፣ በበገና፣ በትወና ይወዳደራል። የግጥሙ አሸናፊ የሚሸለመው ወንበር ነው። አቶ ኃይለሚካኤልን አከራያቸው ይዘዋቸው ሄዱ፤ ውጭ ዝናብ፣ ታች ጭቃ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው አንዲት ቃል ሳትገባቸው አለቀሱ። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ደላላ ስላልሆኑ እናምናቸዋለን።

ጡረታ ሲወጡ "ሽልማቱ ወንበር ከሆነ ከጅማ በላይ ማንን ይመለከታል?" ብለው እዚህ ጀመሩት። እውነታቸውን ነው። ጊንጆ ጉዱሩ ያለው ጠራቢው ጠሃ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሦስት እግርና መደገፊያ ያለው ወንበር ያለ ምስማር ያወጣል። አይስቴዝቮድ ብሎ መጥራት ያቃተው ሕዝብ በዓሉን "ወንበሩ" ብሎ ተገላገለ። በአማርኛም በኦሮምኛም መግጠም ይቻላል። አንድ ዓመት ጅማ ይደረጋል፣ በሚቀጥለው ከጅማ ወጥቶ ሊሙ ገነት ወይ ሰቃ ወይ አጋሮ ይሄዳል፤ ይህም ልማድ ከዌልስ የመጣ ነው። ወሩ ጥር ነው፤ ቡናው ተለቅሞ የሰው እጅ ትንሽ ፈታ ሲል።

በሥርዓቱ መሠረት ወንበሩ ከመሰጠቱ በፊት ጥሩንባ ይነፋል። በመጀመሪያው ዓመት አቶ ኃይለሚካኤል የዕድራቸውን ጥሩንባ ነፊ አመጡ። ሰውየው ነፋ። ግማሹ ሰፈር ነጠላውን አዘቅዝቆ "ማን ሞተ?" እያለ ከች አለ። ሁለት ሴቶች ከሩቅ ሙሾ ጀምረው ነበር። የሞተ ሰው ሲጠፋ ጊዜ ቁጭ ብለው ግጥም ሰሙ፤ ከእነሱ መካከል ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ያልቀሩ አሉ። አሁን የሚነፋልን ከማርሽ ባንድ ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

ዋናው ነገር ግን ምስጢሩ ነው። ግጥም የሚገባው በብዕር ስም ነው። ትልቁ ፖስታ ውስጥ ግጥሙ ይገባል፤ ከግጥሙ ጋር የታሸገ ትንሽ ፖስታ አለ፤ በትንሹ ውስጥ እውነተኛው ስም አለ። ዳኞቹ ከመረጡ በኋላ ትንሹን ፖስታ የሚከፍቱት አቶ ኃይለሚካኤል ብቻ ናቸው፤ አሸናፊው በዕለቱ እንዳይቀር ይደውሉለታል። አሸናፊው ግን ለወለደችው እናቱም መናገር አይችልም። በበዓሉ ላይ የብዕር ስሙ ተጠርቶ ከሕዝቡ መሐል ብድግ ሲል ነው ጎረቤቱ እንኳ የሚያውቀው። ቀድሞ ከታወቀ ወንበሩ ለማንም አይሰጥም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ወጣት መምህር በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ፌስቡክ ላይ የወንበር ሥዕል ለጠፈ፤ ሌላ አንዲት ቃል አልጻፈም። ወንበሩ ባዶውን ቆሞ ዋለ። መምህሩ በዚያው ዓመት ዝውውር ጠየቀ።

ኅዳር ላይ ኑሪ ሱቄ መጥቶ ሁለት ፖስታ ገዛኝ፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። "ለምንህ ነው?" አልኩት። "ለውል ነው" አለኝ። አመንኩት። ኑሪን ያመንኩት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው፤ እሱም ውሸት ነበር።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ከራሱ ከኑሪ ነው የሰማሁት። ኑሪ ስለሆነ ከሚስቱ ከሀያት ጋር አመሳክሬዋለሁ።

የዓመቱ ርዕስ "በር" ነበር። ኑሪ ግጥም ይጽፋል ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ተከራይ ሲጠብቅ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ፣ በኪራይ ውል ጀርባ ላይ ይጽፍ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። ለሀያት እንኳ አሳይቷት አያውቅም፤ ያፍር ነበር። ኑሪ የሚያፍርበት ነገር አለ ቢሉኝ ይህንንም አላምንም ነበር። አባቱ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ የመጡ ሰው ስለነበሩ የብዕር ስሙን "ጎጀብ ማዶ" አለው።

በዓሉ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው አቶ ኃይለሚካኤል ደወሉ። "ጎጀብ ማዶ እርስዎ ነዎት?" አሉት። "ነኝ" አለ። "እንኳን ደስ ያለዎት። እባክዎን ለማንም እንዳይናገሩ" ብለው ዘጉት። ኑሪ ያን ሰዓት ቦሳ ኪቶ ለሁለት አዲስ ተጋቢዎች ባዶ ቤት እያሳየ ነበር። ሙሽራው "ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?" ሲለው "ያፈሳል" አለው። ሙሽራዋ "ጎረቤቱስ?" ስትል "ይረብሻል" አላት። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከደላላ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው ስለማያውቁ እዚያው ቆመው ቤቱን ተከራዩት።

ሦስት ቀን ቻለ። አፉን ከከፈተ እንደሚያመልጠው ስለገባው ጨርሶ ዘጋው፤ ሰፈሩ ተሸበረ። ሔራን እየሮጠች ሱቄ መጥታ "ኑሪ ሰላም ብሎኝ አለፈ፤ ሰላም ብቻ" አለችኝ። ባጃጅ ነጂው ኡመይር "ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጭኜው አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ወላሂ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁት፣ ወድቆብኝ እንዳይሆን ብዬ" አለ። መስጊድ ውስጥ ዱዓ ተደረገለት። ሀያት እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ የደም ግፊቱ ከፍ ብሏል ተባለ፤ ጨው እንዲቀንስ ታዘዘ። ሰውየው በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ጨው ቀንስ ይሉታል።

በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ ፈነዳ።

ሀያት ህርማታ ገበያ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ልጅን ከሩቅ አይታ የልብሱን ቁጥር የምትናገር፣ ባሏን በልጃቸው ስም "የፋሪዳ አባት" የምትል፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። "ሀያት፣ አንድ ነገር ልንገርሽና አትደንግጪ" አላት። "ወንበሩን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ።"

ሀያት ሳቀች። እንዲያው ፈገግ አላለችም። ጉርሻዋን ጥላ፣ ሆዷን ይዛ፣ በሩ ድረስ ወጥታ ሳቀች። ጎረቤት "ምን ሆናችሁ?" እያለ መጣ። "የፋሪዳ አባት ወንበሩን አሸነፍኩ እያለ ነው" አለቻቸው እንባዋን እየጠረገች። ግቢው ሙሉ ሳቀ። ኑሪ ገበታው ላይ አፍጥጦ ብቻውን ቀረ።

ልቡ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው። ወንበሩን ረሳው፤ ምስጢሩንም ረሳው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ "እውነትህን ነው ኑሪ" እንዲለው ፈለገ። ከዚያ በኋላ ያበደውን እብደት ሁሉ ያበደው ለዚህ ነው።

ታዲያ እሱ ጫማውን እስኪያጠልቅ ሀያት ቀድማው ወጥታለች። እኔ ሱቅ መጥታ ፕላስተር ከገዛችኝ በኋላ "ጽዮናዊት፣ ኑሪ የሆነ ነገር ቢነግርሽ ዝም ብለሽ አሳልፊው፤ ግፊቱ ወጥቶበት ነው፤ ወንበሩን አሸነፍኩ ይላል፣ ግጥም እንኳ አላስገባም" አለችኝ። አዘንኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ኑሪ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ።

"ጽዮኔ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ" አለኝ።

"አውቅሃለሁ።"

"ወንበሩን አሸንፌያለሁ።"

"እንኳን ደስ ያለህ። ውኃ ልስጥህ?"

"ወላሂ ነው የምልሽ።"

"አትማል ኑሪ። አረፍ በል፣ ጨው ቀንስ ተብለሃል።"

"ፖስታውን የገዛሁት ከአንቺ አይደል እንዴ?"

"ለውል ነው አላልከኝም?"

"ዋሽቼሽ ነዋ!"

"ይኸው፣ አየህ?" አልኩት። ይህን ስል የረታሁት መስሎኝ ነበር። በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ሔራን ጋ ሄደ፤ ሔራን ካስክ ውስጥ ከተቀመጠችው ደንበኛዋ ጋር ሳቀችበት። ኡመይርን አስቁሞ ነገረው፤ ኡመይር "እኔም ዘንድሮ አውሮፕላን ላበር ነው" አለው። ጊንጆ ጉዱሩ ድረስ ወርዶ ጠሃ ሥራ ቤት ገባ፤ ወንበሩ ተጠናቅቆ ቆሟል፤ ሄዶ ቁጭ አለበት። ጠሃ መሮውን እንደያዘ "ተነሥ ኑሪ፣ የሰው ወንበር ነው" አለው። "የእኔ ነው" ቢለው "ተነሥ አልኩህ" ብሎ በብብቱ ይዞ አነሣው። እንዲህ እንዲህ እያለ በሦስት ቀን ውስጥ ለአሥራ አንድ ሰው ነገረ። የትም ቢሄድ ሀያት ቀድማው ደርሳለች። አሥራ አንዱም አላመኑትም።

በስምንተኛው ቀን ኡመይር ባጃጁን እያጠበ እንዲያው ለወሬ ያህል "እውነት ቢሆን ኖሮ እኮ ጉድ ፈልቶብህ ነበር። ስለተናገርክ ወንበሩ ይቀርብህ ነበር" አለው። ኑሪ ያን ጊዜ ብንን አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ሩጫ ጀመረ፤ የነገራቸውን አንድ በአንድ እየዞረ "ያ የነገርኩሽ ውሸት ነው፣ ያ ያልኩህ ውሸት ነው" ማለት ያዘ። እኔ ጋም መጣ። "ጽዮኔ፣ ዋሽቼሽ ነው፤ አላሸነፍኩም" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት። ኡመይር "አውቃለሁ" አለው። ጠሃም "አውቃለሁ" አለው። ሔራን ብቻ "የቱን ነው የዋሸኸኝ?" ብላ ጠየቀችው።

በዓሉ ዘንድሮ አጋሮ ነበር። ከመንደራ ቆጪ አንድ ሚኒባስ ሞልተን ሄድን፤ ወንበሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጣሪያው ላይ ታስሯል፤ ጠሃ በየአቀበቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያየዋል። ኑሪ ከሀያት ጎን ተቀምጦ ዚክር ይላል። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሰማያዊ ሸራ ድንኳን ተተክሎ ጠበቀን። ከአጥሩ ማዶ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ የሚያገላብጡት ሴቶች አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አውጥተው በነፃ ያያሉ።

ምን ዓይነት ቀን እንደነበረ ልነግራችሁ አልችልም። የሰቃ ሴቶች መንዙማ አሉ፤ ድንኳኑ አብሯቸው ተወዛወዘ። የሁለት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን እኩል ነጥብ አግኝተው፣ ማን ይቅደም ሲባል አንድ ላይ ዘምረው ወረዱ። ከየቡ ከተማ የመጡ አንድ አዛውንት የኦሮምኛውን ፉከራ፣ ጌራርሳን፣ ሲያወርዱ ሰዓታቸው አልቆ ደወል ተደወለባቸው፤ ዜማውን ሳያቋርጡ ደዋዩን፣ ደወሉንና ሰዓት የፈለሰፈውን ሰው ሁሉ በየተራ ገጠሙባቸው። አንደኛ ወጡ። እኔ ስስቅ ጫማዬ ወልቆ ከፊቴ ካለው አግዳሚ ሥር ገባ፤ እስከ መጨረሻው አላገኘሁትም።

በመጨረሻ ጥሩንባው ተነፋ። ዌልስ ውስጥ በዚህ ሰዓት ጎራዴ ከሰገባው ግማሽ ይመዘዝና ሕዝቡ ሰላም መሆኑን ይጠየቃል። እኛ ጋ ጎራዴ ስለሌለ የጠሃ መጥረቢያ በሻሽ ተጠቅልሎ ይቀርባል። አቶ ኃይለሚካኤል ሻሹን ግማሽ ድረስ ገለጥ አድርገው "ሰላም ነው?" አሉ። "ሰላም!" አልን። በኦሮምኛ "ናጋዳ?" አሉ። "ናጋ!" አልን። ሦስተኛውን በሁለቱም ቋንቋ ጠየቁ፤ ሁለቱንም እኩል ስንጮህ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሴቶችም መለሱ።

ከዚያ የዳኞቹ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ተነሡ። የሁለተኛንና የሦስተኛን ግጥም ከምስጋና ይልቅ በተግሣጽ አለፉና "አንደኛ የወጣው ግጥም ሌሊቱን አላስተኛኝም" ብለው አራት ስንኝ አነበቡ፦

የሰው በር ስከፍት ሃያ ዓመት ኖርኩኝ፣
ግቡ እያልኩ በር ላይ እኔ ውጭ ቀረሁኝ፤
ቁልፉ ሁሉ በእጄ፣ ቤቱ ሁሉ የሰው፣
አንድ በር ብቻ ነው አንኳኩቼ 'ማውቀው።

ሔራን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ኑሪን ነው የገጠሙበት፤ ምስኪን፣ ቢገባው ይናደዳል" አለችኝ። አቶ ኃይለሚካኤል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ጎጀብ ማዶ! በመካከላችን ካለህ ወይም ካለሽ፣ ብድግ በል፣ ብድግ በይ" አሉ።

ከፊቴ ኑሪ ተነሣ።

"ቁጭ በል ኑሪ" አለ ከኋላ አንዱ። "ከለልከን፤ አሸናፊውን እንይበት።" ኡመይር ኮቱን ይዞ ወደታች ጎተተው። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን እያዞረ ሌላ የሚነሣ ሰው ፈለገ። አቶ ኃይለሚካኤል ከትንሹ ፖስታ ወረቀቷን አውጥተው "ኑሪ ሙሐመድሳኒ" ብለው አነበቡ።

ከዚያ ጭብጨባ ሊጀመር ሲል ኡመይር ተንኮል አስቦ ሳይሆን ከመገረም ብዛት ዘሎ ተነሥቶ "እንዴ፣ እኮ ነግሮኝ ነበር!" አለ። ሔራን "ለእኔም!" አለች። እኔም አፌን ምን እንደያዘው እንጃ፣ "ለእኔም ነግሮኛል" አልኩ። ምን እየሠራን እንደሆነ የገባን ሦስታችንም ተናግረን ከጨረስን በኋላ ነው። ኑሪ አንገቱን ደፋ።

አቶ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ። "ኑሪ፣ ተናግረዋል?"

"ተናግሬያለሁ።"

"ለስንት ሰው?"

"ለአሥራ አንድ። ከባለቤቴ ጋር አሥራ ሁለት።"

ዳኞቹ ራስ ለራስ ተጠጋግተው ብዙ ተንሾካሾኩ። በኋላ አቶ ኃይለሚካኤል ተነሥተው "የሰማ ሁሉ ዐወቀ አይባልም። ሰምቶ ያመነ ግን ዐውቋል። ከአሥራ ሁለቱ አንድም ያመነ ከሌለ ምስጢሩ አልወጣም፤ ወንበሩ የኑሪ ነው። አንድ እንኳ ያመነ ካለ ግን ሕግ ነውና ወንበሩ ይመለሳል። በእውነት ተናገሩ" አሉ።

ደስታችንን አትጠይቁኝ። ያጠፋነውን ልናድን ነው። ኡመይር "ወላሂ አንዲት ቃል አላመንኩትም" አለ፤ ተጨበጨበለት። ሔራን "እኔማ ስቄበታለሁ፤ ደንበኛዬ ምስክር ናት" አለች፤ ተጨበጨበላት። ጠሃ "ከወንበሩ ላይ በብብቱ ይዤ አስነሥቼዋለሁ" ሲል ድንኳኑ ሊወድቅ ደረሰ። እኔ ተራዬ ሲደርስ በአንድ ጫማ ቆሜ "ፖስታውን ራሴ ሸጬለት እንኳ አላመንኩትም" አልኩ፤ ከሁሉ በላይ የተጨበጨበው ለእኔ ነው። ደስ ብሎኝ ኑሪን በዓይኔ ጠቀስ ላደርገው ዞር ስል ፊቱን አየሁት።

ወንበሩ በእያንዳንዳችን ቃል አንድ እርምጃ ወደ እሱ እየቀረበ፣ እሱ በእያንዳንዳችን ቃል እየተሸማቀቀ ነበር። በጭብጨባ መሐል ብቻውን እንደሚገረፍ ሰው ቆሟል። በራሴ አፈርኩ፤ የተናገርኩትን ልመልሰው ብዬም ምን እንደምል አጣሁ፤ እውነቱ እሱ ነበራ። አሥራ አንዳችንም ተናግረን ጨረስን።

"ወይዘሮ ሀያትስ?" አሉ አቶ ኃይለሚካኤል ፈገግ ብለው። ድንኳኑም አብሮ ፈገግ አለ፤ የሀያት ሳቅ በሰፈሩ የታወቀ ነው።

ሀያት ቀስ ብላ ተነሣች። ሻሿን አስተካከለች። አቶ ኃይለሚካኤልን ሳይሆን ባሏን ነበር የምታየው፤ ረዘም አድርጋ አየችው።

"እኔ አምኜው ነበር" አለች።

ኑሪ ቀና አለ።

"ምን አልሽ?"

"አምኜህ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ሳቅሽብኝ?" አላት፤ ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

"ጎረቤት እንዲሰማኝ ነዋ። እኔ ካመንኩህ ሰው ሁሉ ያምንሃል፤ ወንበርህ ይቀርብሃል። እየቀደምኩህ የዞርኩትም ለዚሁ ነው።" እንባዋ መጣ። "ዛሬም ዝም ልል ነበር፣ ወላሂ። ግን ፊትህን አየሁት። ወንበርህን አሳጣሁህ፣ የፋሪዳ አባት።"

አቶ ኃይለሚካኤል ወረቀቷን ወደ ትንሹ ፖስታ መለሱ። ቀጥለው ዝቅ ባለ ድምፅ "ወንበሩ ዘንድሮ ለማንም አይሰጥም" አሉ። ድንኳኑ በአንድ ድምፅ አዘነ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ጥሩንባ ነፊው ይንፋ አይንፋ ግራ ገብቶት ወደ እያንዳንዱ ዳኛ ዞሮ አየ።

ኑሪ ግን አልሰማም። አግዳሚ ተራምዶ፣ የሰው እግር ረግጦ፣ የኡመይርን ቆብ አስወልቆ ሀያት ጋ ደረሰና እጇን ያዘ። "ሰማችሁ?" አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። "ሰማችሁ አይደል? አምናኝ ነበር።" ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና "ሰማችሁ?" ይላል። ጥሩንባ ነፊው በራሱ ፈቃድ ነፋው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጭብጨባ ልገልጽላችሁ አልችልም፤ እጄ እስከ ማግስቱ ያመኝ ነበር።

ስንመለስ ወንበሩ እንደገና ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ተጫነ። ጠሃ ሲያስር ኑሪ ቀና ብሎም አላየው። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ ሰማኋቸው።

"መቼ ነው ያመንሽኝ?" አላት።

"ስትነግረኝ።"

"ነግሬሽ ከጨረስኩ በኋላ ነው ወይስ ሳልጨርስ?"

"ሳትጨርስ" አለችው ሀያት በመስኮቱ እያየች።

የቡን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ያንኑ እንደገና ጠየቃት።